በልክ መልበስ፤ በደምበጫ ስለ ወንዶች ልብስ፣ ስፌትና መዓዛ

መግቢያ

ስለ አገራችን ልብስ የተጻፈው አብዛኛው ስለ ሴቶች ቀሚስና ስለ ጥለቱ ውበት ነው። የወንድ ልብስ ግን ቁም ነገር እንደሌለው ተቆጥሮ ይታለፋል፤ ወንድ ልጅ ስለ መልኩ ሲጨነቅ ከታየ ቀበጥ ይባላልና። ነገር ግን በገበያ ቀን አንድ ጥግ ይዞ የተመለከተ ሰው ይህ አነጋገር ከእውነት የራቀ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ገበሬውም ሆነ ነጋዴው፣ ተማሪውም ሆነ ካህኑ፣ ጋቢው እንዴት እንደ ወደቀ፣ የቁምጣው ጠርዝ የት እንዳረፈ፣ ዱላው ቀጥ ያለና የተወለወለ መሆኑን ሳይመለከት ከቤቱ አይወጣም።

ደምበጫ በምዕራብ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ያልፋል፤ ስለዚህ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ማታውና ማለዳው ብርድ ነው። ክረምቱ ረዥም፣ ጭቃውም ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መኪና በመካከልዋ ያልፋል። በዚህ ምክንያት የባላገሩ ልብስና የከተማው ልብስ በዚች ከተማ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። እኛም ለጥናታችን የመረጥናት ስለዚሁ ነው።

በአማርኛ «ልክ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። ሰፊው ደንበኛውን «ልክዎን ልውሰድ» ሲል መጠኑን ማለቱ ነው፤ ሽማግሌው «ልክ ነው» ሲል ደግሞ እውነትና ተገቢ የሆነውን ነገር ማለቱ ነው። የወንድ ልብስ ማማር በሁለቱም ትርጉም በልክ ላይ የቆመ መሆኑን፣ ዋጋና አዲስነት ግን ከዚያ በኋላ የሚመጡ መሆናቸውን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ እንሞክራለን። ልኩም ሦስት ነው፤ የገላ ልክ፣ የሥራ ልክና የጊዜ ልክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልነው የአገራችንን፣ «እ.ኤ.አ.» ያልነው የአውሮፓን ዘመን አቆጣጠር ነው።

1. ስለ ጨርቁ

የደገኛው ልብስ መሠረቱ ጥጥ ነው። ጥጡ ከቆላ ይመጣል፤ ፍሬው ይወጣለታል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶው አመልማሎ ይሆናል፤ ከዚያም ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፈ ሸማውን ይሠራል። ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ የእጅ ፈትል ይጠቀማሉ። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ድሩ ተወጥሮ የሚቆይ ስለ ሆነ የማይበጠስ ክር ይፈልጋል፤ የፋብሪካውም ክር ጠንካራና እኩል ነው። የእጅ ፈትሉ ግን ለስላሳና ለምለም ስለ ሆነ በውስጡ አየር ይይዛል። ብርድን የሚከላከለውም ይኸው በክሩ መካከል የተያዘው አየር ነው። ጋቢ ሲደረብ ይበልጥ የሚሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጋቢ ለጎጃም ወንድ ቀን ካባ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ በመንገድ ላይ ምንጣፍ፣ ዝናብ ሲመጣ ራስ መሸፈኛ ነው። ከጋቢ ቀለል ያለው ኩታ ለበዓልና ለክብር ይለበሳል። ከብርዱ ጋር ለሚታገል ሰው ደግሞ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ጥቁር በርኖስ አለ። በአንዱ ትከሻው ላይ ሹል ሆኖ የሚወጣው ቅርጹ ከሩቅ ያስታውቀዋል።

ከውጭ አገር የመጣው ጨርቅም ታሪክ አለው። አቡጀዲ የምንለው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በብዛት ከአሜሪካ ይመጣ የነበረ ነው። በ1953 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ የተቋቋመው የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ በጀመረ ጊዜ ደግሞ የፋብሪካ ጨርቅ ለጎጃም የቅርብ ዕቃ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የ«ቴትሮን» ነገር ነው። በጎጃም ገበያ አረንጓዴ ቴትሮን የማያውቅ ሰው የለም፤ የአገሬው ቁምጣና ኮት የሚሰፋው ከእርሱ ነውና። እንግሊዛውያኑ ዊንፊልድና ዲክሰን ፖሊየስተር የተባለውን ሰው ሠራሽ ክር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሁለት የጃፓን ኩባንያዎች ፈቃድ ወስደው ክሩን በአገራቸው መሥራት ጀመሩ፤ ያወጡለትም የንግድ ስም ቴትሮን ነው። ስለዚህ ዛሬ የጎጃም ባላገር ምልክት ሆኖ የሚታየው ጨርቅ ስሙን ያገኘው ከጃፓን ነው። ባላገሩ የመረጠውም በሚገባ አስቦ ነው። ጨርቁ ቶሎ አይቀደድም፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ አይጨማደድም፣ ቀለሙም በፀሐይ ቶሎ አይለቅም። በሜዳ ለሚውል ሰው ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም።

እንግዲህ «የባህል ልብስ» ማለት ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ ልብስ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ሕዝቡ ለኑሮው የሚስማማውን ከየትም አምጥቶ በራሱ ልክ ሲሰፋው ያ ልብስ የራሱ ይሆናል።

2. ስለ ቁምጣ

ቁምጣ የሚለው ስም «ቆመጠ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ያጠረ፣ የተቆረጠ ሱሪ ማለት ነው። ከቁምጣው ጋር ከዚያው ጨርቅ የተሰፋ ኮት ይለበሳል። ሰፊውም በኪሱ፣ በጠርዙና በደረቱ ላይ በመኪና ስፌት ጌጥ ያወጣለታል። ጋቢው በላዩ ይጣላል፤ ዱላውም በትከሻ ላይ ይጋደማል።

ቁምጣውን የድህነት ምልክት አድርጎ የሚመለከት ሰው በከተማ ብዙ ነው። ነገሩን ከሥራው ጋር አያይዘን ብንመረምረው ግን ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። በክረምት የሚያርስ ሰው እስከ ባቱ ጭቃ ውስጥ ይቆማል። ረዥም ሱሪ ቢለብስ ጫፉ ጭቃውን ጠጥቶ ይከብዳል፣ እርጥበቱም ቀኑን ሙሉ በእግሩ ላይ ይውላል። ተምጫን የመሰለ ወንዝ የሚሻገር መንገደኛም ሱሪውን መጠቅለል ወይም ማውለቅ ይኖርበታል። ባዶ ባት ግን ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። ስለዚህ ቁምጣው አንድ የሥራ መሣሪያ ነው፤ የሥራ ልክ ያልነውም ይህንን ነው።

ይህን ስንል ነገሩ ለብዙ ወጣቶች ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ከገጠር ወደ ከተማ ትምህርት ቤት የሚመጣው ልጅ መጀመሪያ የሚለውጠው ቁምጣውን ነው። ከእኛም መካከል በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው የደንብ ልብስ ለብሰን ከቆየን በኋላ ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስ የአባቶቻችን ቁምጣ ዓይናችንን ይጎረብጠን ጀመር። አባትየው ልጁን ለማስተማር ያረሰው በዚያው ቁምጣ ነው፤ ልጁ ግን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አባቱን በመንገድ ሲያገኝ ያፍራል። ይህ ስለ ልብስ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። ሰው የአባቱን ልብስ መናቅ ሲጀምር የአባቱንም ሥራ መናቅ ይከተላል። ረዥም ሱሪ መልበስ ነውር የለበትም፤ ለክፍልና ለቢሮ ተገቢው እርሱ ነው። ነውሩ የራስን ልክ የሁሉ ሰው ልክ አድርጎ መቁጠር ነው።

3. ስለ ልብስ ሰፊው

በደምበጫ እንደ ሌሎቹ የጎጃም ከተሞች ሁሉ ሰፊው በሱቅ በረንዳ ላይ፣ በእግር የሚረገጥ መኪናውን ዘርግቶ ይቀመጣል። አሜሪካዊው አይዛክ ሲንጀር ለስፌት መኪናው የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ ስሙም በአገራችን የመኪናው ሁሉ ስም እስኪመስል ድረስ ተለመደ። መኪናው መብራት ስለማይፈልግ ለገጠር ከተማ ተስማሚ ነው። ከመኪናው ሌላ ሰፊው መቀስ፣ ሜትር፣ መርፌና ክር፣ መስመር ማውጫ ሳሳ ያለ ሳሙና፣ የከሰል ካውያም አለው። ሳሙናው የሚመረጠው መስመሩ በጨርቁ ላይ በደንብ ስለሚታይና ልብሱ ሲታጠብ ስለሚጠፋ ነው።

የሰፊው ጥበብ ከመኪናው ይልቅ በሜትሩና በመቀሱ ላይ ነው። ቀጥ ብሎ መስፋት በጥቂት ወራት ይለመዳል፤ ጨርቅ መቅደድ ግን ዓመታት ይጠይቃል። ጨርቅ ጠፍጣፋ ነው፣ የሰው ገላ ግን ክብ ነው፤ ሁለቱን የሚያስታርቀው ቅዱ ነው። ብልህ ሰፊ ልክ ሲወስድ ቁጥሩን ብቻ አይጽፍም። ደንበኛው አንዱ ትከሻው ዝቅ ያለ እንደ ሆነ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ሆዱ የገፋ እንደ ሆነ በዓይኑ ይመዝናል። ይህንንም በአፉ አይናገርም፤ በመቀሱ ያስተካክለዋል። ጥሩ ልብስ የሰውን ጉድለት ሸሽጎ ደግነቱን ያሳያል የሚባለው ይህ ነው።

ልብስ የሚያሰፋ ወይም የሚገዛ ሰው ሊያውቃቸው የሚገባ ጥቂት ነገሮች እነሆ።

በመጀመሪያ ትከሻው ነው። የኮቱ የትከሻ ስፌት የሰውየው ትከሻ አጥንት በሚያልቅበት ላይ ማለቅ አለበት። ካለፈ ኮቱ የሌላ ሰው ይመስላል፤ ካጠረ ክንዱን ያስረዋል። እጅጌና ወገብ በኋላ ሊጠብ ወይም ሊያጥር ይችላል፤ የተበላሸ ትከሻ ግን ኮቱን ፈትቶ እንደገና እንደ መሥራት ያህል ያስቸግራል። ስለዚህ የተዘጋጀ ልብስ የሚገዛ ሰው በትከሻው መርጦ የቀረውን ለሰፊ ይስጥ።

ሁለተኛው ብብቱ ነው። ብዙ ሰው ብብቱ ሰፍቶ ዝቅ ያለ ኮት የሚመች ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ብብቱ ዝቅ ካለ እጅ ሲነሣ ኮቱ በሙሉ አብሮ ይነሣል፤ ብብቱ ወደ ላይ ቀረብ ብሎ ከተቀደደ ግን እጁ ብቻውን ይነሣል፣ ኮቱም በቦታው ይቀራል። ይህ ለጎጃም ሰው በተለይ ይጠቅማል። የአገሬው ሰው ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ ሁለት እጆቹን በላዩ አንጠልጥሎ ረዥም መንገድ የሚሄድ ነውና። ስለዚህ ኮት ሲለካ ዱላ እንደ ያዘ ሆኖ እጁን አንሥቶ ይሞክረው።

ሦስተኛው ርዝመት ነው። እጅጌው የእጁ አንጓ ላይ ያብቃ፤ የሱሪው ጫፍ ጫማውን ይንካ እንጂ በላዩ አይከመር። ቁምጣ እንደ ሆነም ጉልበትን ማጠፍ የማይከለክል ይሁን።

ከውጭ የመጡት የልብስ ስሞችም በሰፊዎች አፍ ውስጥ ታሪካቸውን ይዘው ይኖራሉ። ካልሲ፣ ካናቴራና ኮሌታ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ሳርያን የምንለው ባለ ብዙ ኪስ ኮት ስሙ ከጣሊያንኛው «ሳሐሪያና» የመጣ ነው፤ የሰሐራ በረሃ ልብስ ማለት ነው። ሙሉ ልብስን ደግሞ «ሱፍ» እንላለን። ሱፍ ማለት የበግ ጠጉር ነው፤ ዛሬ ግን በሱፍ ስም የሚሸጠው ብዙው ልብስ ከበግ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ፖሊየስተር ነው። ገዢው ስሙን ሳይሆን ጨርቁን ይመርምር። እውነተኛ ሱፍ በእጅ ተጨምቆ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ይዘረጋል፤ ከጠርዙ አንድ ክር ተመዞ ቢቃጠልም እንደ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። ፖሊየስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል።

የሰፊው ሥራ ዛሬ ከሁለት ወገን ተጨንቋል። በአንድ ወገን ከውጭ የሚመጣው የተዘጋጀ ርካሽ ልብስ አለ፤ በሌላው ወገን ሰልባጅ የሚባለው ያገለገለ ልብስ አለ። ሰልባጅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም በገበያ አይጠፋም፤ ለድሃ ሰው በርካሽ ዋጋ ጠንካራ ልብስ ስለሚያስገኝ ደንበኛ አላጣም። እኛ ገዢውን አንወቅስም። ነገር ግን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንደሚባለው በሌላ አገር ሰው ልክ የተሰፋ ኮት በትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ሲታይ ባለቤቱን አያደምቀውም። እዚህ ላይ ሰፊው ይፈለጋል። ጠበብ፣ አጠር እያደረገ የሰውን ልብስ የራስ የሚያደርግ እርሱ ነው። ብዙ ሰፊዎችም ከአዲስ ስፌት ይልቅ በማስተካከል ሥራ እንጀራቸውን ያገኛሉ።

ሦስተኛው ጭንቀት የቆየ ነው፤ እርሱም ንቀት ነው። በአገራችን ሸማኔና የእጅ ሥራ ሰው በሥራው ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ከአዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሸማኔን ጋቢ ለብሶ ሸማኔን የሚንቅ ሰው ግን ዛሬም አልጠፋም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ወጣቶች በዲግሪ ደረጃ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን በሚማሩበት ዘመን በበረንዳው ላይ ያለውን መምህር መናቅ አይገባም።

4. ስለ ጊዜ ልክ

በልኩ የተሰፋ ልብስም ያለ ጊዜው ከተለበሰ አያምርም። ሸማ አንድ ሲሆን አለባበሱ ብዙ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው መስቀለኛ ያጣፋል። በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ወይም በግብር ላይ የሚያስተናግድ ሸማውን ወገቡ ላይ ያደገድጋል። በሐዘን ጊዜ ዘቅዝቆ ይለብሳል። በብርድ እስከ አፉ ይከናነባል፤ ሽማግሌ ሲያገኝ ግን ከፊቱ ገለጥ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ሰው አፉን ሳይከፍት ከሩቅ ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደ ደረሰበት ይነበባል።

የከተማው ልብስም የራሱ ሕግ አለው። የኮት የታችኛው ቁልፍ አይቆለፍም፤ ሲቀመጡ ይከፈታል፣ ሲነሡ ይቆለፋል። ክራቫት ከቀበቶው አያልፍም። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን እንደ ማደግደግ ሁሉ የሚናገሩት ስለ ሌላው ሰው ክብር ነው። አያቶቻችን ሸማን ሲያጣፉ ያውቁት የነበረውን እኛ በኮት እንደ አዲስ እንማረዋለን።

5. ስለ ንጽሕናና ስለ መዓዛ

የመዓዛ መጀመሪያው ንጽሕና ነው። ሳሙና በየሱቁ ከመገኘቱ በፊት ሸማ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲበጠበጥ አረፋ ያወጣል፤ ጥጥንም ሳይጎዳ ያነጣዋል። በደብረ ማርቆስ አካባቢ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱበት ቦታ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት መባሉ ተክሉ በአገሩ ምን ያህል የታወቀ እንደ ነበር ያሳያል። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል መሆኑን አገኙ። የሸማ አጣቢዎች ዕውቀት ለሳይንስ ያበረከተው ታላቅ ስጦታ ይህ ነው።

ለበዓል ቤቱ ቄጠማ ሲጎዘጎዝ አሪቲና ጠጅ ሳር ይጨመርበታል። ቤትና ልብስ በቀበሪቾ ይታጠናል፤ ዕጣኑም አለ። የጎጃም ወንድ ልብስ መዓዛ እንግዲህ በአብዛኛው የቤቱ መዓዛ ነበር፤ ሽቶ ገዝቶ አይቀባም፤ ከታጠነ ቤት ሲወጣ ግን መዓዛውን በጋቢው ይዞ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ጎጃም ከዓለም የሽቶ ንግድ ጋር የጠበቀ ግንኙነት እንደ ነበረው ጥቂት ሰዎች ብቻ ያውቃሉ። ይህም በዝባድ ምክንያት ነው። ዝባድ ጥርኝ ከሚባለው እንስሳ ዕጢ የሚወጣ፣ እንደ ቅቤ ያለ ነገር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከእናርያ አገር ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ወዳለው ወደ ባሶ ገበያ፣ ከዚያም በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ዝባዱ የሚሸጠው በበሬ ቀንድ ውስጥ ታሽጎ ነበር።

ዝባድ ብቻውን ሲሸተት አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ በጣም ቀጥኖ ከሌላ ሽቶ ጋር ሲደባለቅ ግን መዓዛውን ያሞቀዋል፣ ያቆየዋልም። ምክንያቱን ማስረዳት አይከብድም። የሎሚና የብርቱካን ሽታ ቀላል ስለ ሆነ ቶሎ ይተናል። እ.ኤ.አ. በ1709 ጆቫኒ ማሪያ ፋሪና በጀርመን ከተማ በኮሎኝ የጀመረው፣ ዛሬ ኮሎኝ የምንለው ቀላል ሽቶ እምብዛም የማይቆየው ስለዚህ ነው። ዝባድ ግን ከባድ ነው፣ ቀስ ብሎ ይተናል፤ ቀላሎቹንም ይዞ ያዘገያቸዋል። ገርላን የተባለው የፓሪስ ሽቶ ቤት እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣው፣ ወንዶችም የወደዱት «ጂኪ» የተባለ ሽቶ ዝባድ ነበረበት። ሌዎፖልድ ሩዚችካ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባዱ መዓዛ ከ17 የካርቦን አቶሞች ቀለበት የተሠራ መሆኑን ገለጸ፤ በ1939ም በዚህና በመሰል ሥራው የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ከዚያ ወዲህ መዓዛው በፋብሪካ መሠራት ስለ ቻለ ሽቶ ሠሪዎች የእንስሳውን ዝባድ እየተዉ ሄዱ። ጥርኙ በጠባብ ጎጆ ታስሮ ዝባዱ በየጊዜው የሚፋቅ ስለ ሆነ ይህ ለእንስሳው መልካም ነው፤ በዚህ ንግድ ለሚኖረው ገበሬ ግን ገቢው ቀነሰበት።

ሽቶ ለሚቀባ ወጣት ምክራችን አጭር ነው። ሽቶ የእጥበት ምትክ አይደለም፤ ላብ ላይ ሲረጭ ሁለቱንም ያበላሻል። ጥቂት ጠብታ በታጠበ አንገትና በእጅ አንጓ ላይ ይበቃል፤ የገላው ሙቀት ቀስ እያለ ያወጣዋልና። በነጭ ሸማ ላይ አይረጭም፣ ቢጫ ምልክት ሊተው ይችላልና። በመኪና ውስጥም አጠገብህ የተቀመጠው ሰው እስኪያስነጥስ ድረስ ከሆነ ልክህን አልፈሃል ማለት ነው።

6. ስለ እግር

እስካሁን ከራስ እስከ ጉልበት ወርደናል፤ የቀረው እግር ነው። እርሱን መጨረሻ ላይ ያደረግነው ስለሚያንስ አይደለም፤ ደምበጫ ራስዋ መጨረሻ ላይ ስላደረገችው ነው። አንድ ሰው ጋቢው ነጭ፣ ኮቱ በጌጥ የተሰፋ፣ ዱላው የተወለወለ ሆኖ በባዶ እግሩ ሲሄድ ማየት በአገራችን ለብዙ ዘመን የተለመደ ነበር።

የጎጃም ቀይ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። በዚህ አፈር ላይ ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው፣ በተለይ በትውልድ ተጋላጭ ከሆነ፣ ደቃቁ የአፈር ብናኝ በቆዳው ውስጥ ገብቶ እግሩን ያሳብጠዋል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ቤት ለቤት ተቆጥሮ ከመቶ አዋቂ ሰው ከሦስት በላይ በሽታው እንዳለበት አሳይቷል። ይህም ማለት በአንድ መቶ ሰው ለቅሶ ላይ ሦስት ሰው እግሩን ደብቆ ይቀመጣል ማለት ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ነገር ግን ይተላለፋል ተብሎ ስለሚታመን በሽተኛው ከማኅበር ይርቃል፣ ልጆቹም ለጋብቻ ሳይፈለጉ ይቀራሉ። መከላከያው ግን ውድ መድኃኒት አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው።

እዚህ ላይ የወንድ ማማር የሚናቅ ነገር እንዳልሆነ በግልጥ እናያለን። ወጣቱን ስለ በሽታ ቢነግሩት ወደፊት የሚመጣ ነገር ስለ ሆነ ይረሳዋል። ጫማ የሌለው ልብስ ግን ጎደሎ መሆኑ ከታየው፣ በገበያ ቀን ያለ ጫማ መታየት ካሳፈረው፣ ዛሬውኑ ጫማ ይገዛል። የጎማው በረባሶና የላስቲኩ ጫማ በገጠር የተስፋፋው በሐኪም ምክር ብቻ አይደለም፤ ጎልማሳው በጓደኞቹ ፊት ማማር ስለ ፈለገም ነው። ሽማግሌዎች ቅብጠት የሚሉት ነገር እግርን አድኗል። ሆኖም ላስቲኩ ጫማ እግርን ያልባልና በየቀኑ መታጠብና መድረቅ አለበት፤ እግሩ ያበጠበት ሰው ደግሞ የተለየ ልክ ያለው ጫማ ያስፈልገዋል። ጫማ ሠሪና ሰፊ ለዚህ ሰው በልኩ ቢሠሩለት ወደ ማኅበሩ ይመልሱታል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የደምበጫ ወንድ አለባበስ ከጃፓን በመጣ ስም፣ ከጣሊያን በተወረሰ ቃል፣ ከቆላ በመጣ ጥጥና በደጋ ሰው እጅ የተሠራ ነው። አንድ የሚያደርገው ልኩ ነው። ልብስ ከየትም ቢመጣ ለገላው፣ ለሥራውና ለጊዜው ከተስማማ የራስ ነው፤ ካልተስማማ ግን ዋጋው የቱን ያህል ቢሆን እንደ ውሰት ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች ሦስት ነገር እናሳስባለን። ገንዘብ ስታገኙ ከሽቶውና ከክራቫቱ በፊት ጫማውን አስቡ፤ ለራሳችሁም በአገር ቤት ላሉት ታናናሾቻችሁም ግዙ። ከሚያምር የመደብር ልብስ ይልቅ በበረንዳው ላይ ያለው ሰፊ በልካችሁ የሚሠራላችሁን አትናቁ፤ ዋጋውንም በክርክር ብዛት አታሳንሱበት። ለዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትመለሱም አባታችሁን በቁምጣው ስታገኙት በመንገድ መካከል ከጓደኞቻችሁ ቀድማችሁ ሂዱና ጉልበቱን ሳሙ።